ከገበያ የጠፋውን መጽሐፍ ማመስገን

ስለ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ በቴሌግራም በጻፍኩ ቁጥር ከምስጋናውም ከክርክሩም ቀድሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «የት ይገኛል?» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም፤ የመጽሐፉን ስም ከሰማ አዲሱን ካልሆነም ያገለገለውን ቅጂ ወዲያው ፈልጎ ያዝዛል። በእኛ ዘንድ ግን አንባቢን በአንድ መጽሐፍ ፍቅር ማስያዝና ያንን መጽሐፍ እጁ ማስገባት እጅግ የተራራቁ ሥራዎች ናቸው። አብዛኛው መጽሐፍ በጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተማል፤ ያ ሲያልቅ ዳግም የሚያሳትመው ይታጣል። ደራሲው ካለፈ ወራሾቹን ፈልጎ ማግኘት፣ ከተገኙ ማስማማት፣ ከተስማሙም የወረቀቱንና የማተሚያ ቤቱን ዋጋ መቻል ይጠይቃል። ስለዚህ እኛ የአማርኛ አንባቢዎች የምንወዳቸውን መጻሕፍት ስናመሰግን ብዙውን ጊዜ የምናመሰግነው መደብር ውስጥ የሌለውን ነው። እኔም ንባቤን ለማላውቃቸው ሰዎች ሳካፍል የኖርኩት በዚህ ችግር ውስጥ ሆኜ በመሆኑ፣ ከመጽሐፉ ምኑን ማካፈል እንደሚገባን ያሰብኩትን በዝርዝር ልጽፈው ፈለግሁ።

ወደ መጻሕፍት የመጣሁት በጆሮዬ በኩል ነው። ደሴ ባደግሁበት ቤት የነበሩት መጻሕፍት ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያምና የታላላቅ ወንድሞቼ የትምህርት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፤ ሬዲዮ ግን ነበረን። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማሁት የመጽሐፉን ሽፋን እንኳ ሳላይ ነው። ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ ጉዱ ካሳንና ፊታውራሪ መሸሻን በአነጋገራቸው ለይቼ አውቃቸው ነበር። አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ቢሆኑም ለሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤት ልጅ ያዝኑላት ነበር፤ «አባቷ ናቸው ያጠፏት» ሲሉ እናቴ ደግሞ «የለም እማዬ፣ ዘመኑ ነው» ብላ ትከራከራቸዋለች። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ማንበብ በማይችሉ ሰው ቤት ገብቶ ይህን ያህል ክርክር ማስነሣቱ ያኔ አላስገረመኝም፤ መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ መጽሐፉን በዓይኔ አነበብኩት፤ ያነበብኩትም ከሰማሁት ይለይ ነበር። ጆሮዬ በዛብህንና ሰብለን ተከትሎ ሲሮጥ ዓይኔ ጉዱ ካሳ ጋ ቆመ። በትረካው ጊዜ ቶሎ እንዲያልቅልኝ የምመኘው ረጅሙ ንግግሩ፣ ስለ ልማድና ስለ ሕግ፣ ስለ ጌትነትና ስለ ጭሰኛነት የሚያነሣው ሙግት፣ በወረቀት ላይ ሲገኝ ወደ ኋላ እየተመለሱ የሚመረምሩት ሐሳብ ሆነ። አንድ መጽሐፍ የሰማውና ያነበበው ሰው በእርግጥ ሁለት መጻሕፍት አሉት ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

በዚያው ዘመን በከተማችን ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። መያዣ ተሰጥቶ ይወሰዳል፣ ተነብቦ ይመለሳል፣ የአንድ ቀን ኪራይ በሳንቲም ይከፈላል። እኔ የማዘወትራቸው ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ እያልን የምንጠራቸው፣ መጽሐፉን ስመልስላቸው ገጾቹን ከመቁጠራቸው በፊት «እህ፣ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉም። ታሪኩን ሳይሆን ታሪኩ ምን እንዳደረገኝ እስክነግራቸው ድረስ ቀጣዩን አያወጡልኝም፤ ከነገርኳቸው በኋላ ደግሞ በሰማሁት ልክ መርጠው «እንግዲያው ይህን ውሰጂ» ይሉኛል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረው የመጨረሻ ቅጠሎቻቸው የተገነጠሉ መጻሕፍትም ነበሯቸው፤ እነዚህን የሚያከራዩት በቅናሽ ሲሆን መጨረሻውን በቃላቸው ይተርኩልናል። የብርሃኑ ዘሪሁንን አንድ ልብ ወለድ መጨረሻ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በእሳቸው አፍ ነው፤ በኋላ ሙሉውን ቅጂ አግኝቼ ሳነበው የእሳቸው አጨራረስ ከደራሲው ብዙ የራቀ አልነበረም። ዛሬ ስለ መጽሐፍ ለመጻፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የምመልሰው የጋሼን ጥያቄ ነው።

በሀገራችን ንባብ ለብቻ የሚደረግ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ አይሆነውም። ዳዊት የሚደግመው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ገድሉና ተአምሩ የሚነበበው ለጉባኤ ነው፤ ደብዳቤ እንኳ ፊደል የሚያውቅ ልጅ ተጠርቶ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነበብ ነበር። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ታሪክ የነቢይ መኮንን ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሼል ረጅም ልብ ወለድ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በእንግሊዝኛ እጁ ገባ፤ ወረቀት ስላልነበረም በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይጽፈው ጀመር። የተተረጎመው ለታሳሪዎች ይነበብ ነበር፤ ብጣሽ ወረቀቶቹም ከሚፈቱ ሰዎች ጋር ቀስ በቀስ ከእስር ቤት ወጡ። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የመጽሐፉን ገጽ ብዛት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የድካሙ መጠን አይደለም። ነቢይ እንግሊዝኛውን አንብቦ ለራሱ መደሰት ይችል ነበር፤ ነገ ምን እንደሚደርስበት በማያውቅበት ቦታ ሆኖ ግን ያነበበውን አጠገቡ ላሉት ካላደረሰ ንባቡ የተፈጸመ አልመሰለውም። ስለ መጽሐፍ በምጽፍበት ጊዜ ሁሉ፣ ስልክና ኢንተርኔት በእጄ ይዤ፣ ይህ ሰው በሲጋራ ወረቀት ያደረገውን አስባለሁ፤ ምቾቱ ላለን ለእኛ ላለማካፈል የምናቀርበው ምክንያት ያንሳል።

ማካፈል ግን ከጥንትም ገደብ የተበጀለት ነገር ነበር። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈችውን ግዝት ያውቃታል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»፤ የሰረቀው፣ የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። እዚያው አጠገቧ ደግሞ ያስጻፈውንና የጻፈውን በጸሎት አስቡ የሚል ልመና ይገኛል። አንድ መጽሐፍ የብዙ በግ ወይም ፍየል ቆዳና የጸሐፊውን የወራት ጉልበት የሚበላ ስለነበር፣ አባቶች መጽሐፉ እንዲነበብ እየፈለጉ የደከመው ሰው ስም እንዳይፋቅና ንብረቱ እንዳይዘረፍ በአንድ ትንፋሽ ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ ፍላጎቶች፣ ይነበብና አይዘረፍ የሚሉት፣ ዛሬም አብረው ሊኖሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የምጣላውም አንዱን ይዘው ሌላውን ከሚጥሉ ጋር ነው።

«የት ይገኛል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው «እኅቴ፣ ፒዲኤፉ ካለሽ ብትልኪልኝ» የሚለው ነው። ሁሉም በትሕትና ይጠይቃሉ፤ አብዛኞቹም ችግራቸው እውነት ነው። ዛሬ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ብዙ መቶ ብር ያወጣል፤ ክፍለ ሀገር ያለ ተማሪ ገንዘቡን ቢያገኝ እንኳ መደብሩን አያገኘውም። ዋሽንግተን ያለው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ዘመዱም ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ስለሚሞላ መጽሐፍ ለመጨመር ይከብደዋል። በሌላ በኩል አንድ መጽሐፍ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ተከታይ ባላቸው የቴሌግራም ገጾች ላይ ሲለቀቅ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ጭራሽ በሽፋኑ ላይ የገጹን ስም አትሞበት ነበር። ያ መጽሐፍ ጥቂት ሺህ ቅጂ ታትሞ እሱ ካልተሸጠ ሁለተኛው እትም አይመጣም፤ ደራሲው ለቀጣዩ ሥራ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብም አይኖረውም። አዳም ረታ በ2008 ዓ.ም. ያወጣውን «የስንብት ቀለማት»ን የመሰለ፣ ወደ ሺህ ገጽ የሚጠጋ ሥራ፣ ስንት ዓመት የደራሲን ሕይወት እንደሚወስድ ማሰብ ይበቃል። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ በፋይል ማሰራጨት ለንባብ ፍቅር የተደረገ ነው የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። በስሙ የምንወድደውን ሰው በሥራው መበደል ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ሥራቸው ገና ለረጅም ጊዜ የወራሾቻቸው ነው። በአንጻሩ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ሥራ፣ እንዲሁም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍት ዘመናቸውን ጨርሰው የሁላችንም ሆነዋል። ሕጉ ደራሲውንና ምንጩን ጠቅሶ ተገቢ መጠን ያለው ጥቅስ መውሰድንም ይፈቅዳል፤ እንደ እኔ ላለ አንባቢ ይህ ፈቃድ ብዙ ሥራ የሚሠራበት ሰፊ ቦታ ነው።

የሚከብደኝ ጉዳይ በመካከል ያለው ነው፤ መብቱ ያልተነሣ፣ ነገር ግን የሚያሳትመው የሌለ መጽሐፍ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀስብኝ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ደርግ እስኪወድቅና መጽሐፉ ዳግም እስኪታተም ድረስ ሥራውን ያቆዩት ከስብሰባው ያመለጡትን ቅጂዎች ደብቀው ያኖሩ፣ ተደብቀውም ያነበቡና ያስነበቡ ሰዎች ናቸው። «ያኔ እነሱ ያደረጉትን ዛሬ እኛ ብናደርግ ምን ይለያል?» ይሉኛል። ይለያል። ያኔ የሚያጠፋው መንግሥት ነበር፤ መጽሐፉን ማስተላለፍ ከደራሲው ጎን መቆም ነበር። ዛሬ አብዛኛውን የሚያጠፋው ቸልታ ነው፤ ቸልታ ደግሞ የሚድነው አሳታሚው ፈላጊ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ስጠየቅ ፋይል ከመላክ ይልቅ የጠያቂዎችን ስም ሰብስቤ ለአሳታሚው ወይም ለወራሾቹ አደርሳለሁ። ብዙዎቹ መልስ አይሰጡም። አንድ ጊዜ ግን የአንድ ደራሲ ልጅ ደውላ «አባቴን አሁንም የሚያነበው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» ስትለኝ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ስለ መጽሐፉ ስናወራ ቆየን። መጽሐፉ እስካሁን አልታተመም፤ ንግግሩ ግን አልተቋረጠም።

ታዲያ ፋይሉን ካልላክሁ የማካፍለው ምኑን ነው? ንባቤን ነው። ይህ ሲነገር ትንሽ ቢመስልም ሲሠራ ትልቅ ነው። የሽፋን ፎቶ ለጥፎ «ድንቅ መጽሐፍ፣ ሁላችሁም አንብቡት» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ያነበበውን አያስታውሰውም፣ ያላነበበውን አያስጎመጀውም። እኔ ከመጽሐፉ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ እመርጣለሁ። ገጹን ፎቶ አላነሣም፤ በእጄ እተይበዋለሁ። ይህ ልማድ ከሁሉ የሚጠቅመው ራሴን ነው፤ ሲተይቡ አንድም ቃል መዝለል ስለማይቻል ሦስት ጊዜ ባነበብኩት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያላየሁት የደራሲ ጥበብ ይገለጥልኛል። ለሌላውም ይጠቅማል፤ ፎቶ የሆነ ገጽ በፍለጋ አይገኝም፣ የተተየበ ግን ይገኛል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆን ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ስንት ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ዛሬ በትክክል የሚተየብ አንድ ገጽ ዕድሜው ረጅም ነው።

ሆኖም ፍለጋው ራሱ የሚፈትን ነው። አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፋል፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ያንኑ መጽሐፍ የሚፈልጉ ሰዎች በተለያየ ስም ይፈልጉታል። ጉድሪድስን በመሰሉ ዓለም አቀፍ የአንባቢዎች መድረኮች ላይ ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍት ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ተጽፎ አንዱ መጽሐፍ ሦስትና አራት ሆኖ ይገኛል፤ የጥንቶቹ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ስለሌላቸው የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እኔ ርእሱን ደራሲው በሽፋኑ ላይ እንደጻፈው አድርጌ እጽፋለሁ፤ ከታች ሌሎቹን አጻጻፎች እጨምራለሁ። የታተመበትን ዓመት፣ ማተሚያ ቤቱን፣ የገጹን ብዛት፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ቅጂውን የት እንዳየሁትም እመዘግባለሁ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው የሚሉኝ አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በሀገራችን የሚገኙትን መጻሕፍት እየቆጠሩ ዝርዝራቸውን ማሳተማቸውን ሳስብ ግን አሰልችነቱ ይጠፋል። ሰውየው በዘመናቸው ከነበሩት ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆነው ሳለ የሌሎችን መጻሕፍት መቁጠር ከክብራቸው ዝቅ ያለ ሥራ አልመሰላቸውም።

ከጻፍኩባቸው መጻሕፍት ሁሉ ይበልጥ ሰው ያነጋገረው መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ልዩ ነው። መንግሥቱ የሽማግሌ አባታቸውን ትዝታ በመቅረጸ ድምፅ ቀድተው፣ የአለቃን አነጋገር ሳያቃኑና ሳያሳምሩ ወደ ጽሑፍ አመጡት። ውጤቱ የቅኔ መምህር የሆነ ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ዘመኑ ክፉ ቀን እሳት ዳር ተቀምጦ እንደሚያወራ ሆኖ የሚሰማ ዝርው ነው። ዐረፍተ ነገሩ ይቋረጣል፣ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ በአንድ ቃል ውስጥ ፈገግታም ሐዘንም ይኖራል። የተማርነው የጽሑፍ አማርኛ ምን ያህል ሀብት በመንገድ ጥሎ እንደመጣ ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው። አንድ አንቀጽ ተይቤ ባካፈልኩ ጊዜ ሰዎች ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አያቶች መጻፍ ጀመሩ፤ አንዱ የአባቱን ድምፅ በስልኩ ለመቅዳት ወደ ደብረ ታቦር እየሄደ እንደሆነ ነገረኝ። ሌላዋ የቅኔ ቤት ልጅ የነበሩ አጎቷ አንዱን ስም በትክክል እንዳልጠራሁት ነግረው አስታርመውኛል። አንድ መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግ ይችላል?

የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ደግሞ የተለየ ዓይነት ውይይት አመጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣውን ይህን ልብ ወለድ ግማሹ አንባቢ ከጥቂት ገጽ በኋላ እንዳስቀመጠው ጻፈልኝ፤ ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ባለ ታሪኩ መዝገቡ ከአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ትንንሹ የቤት ዕቃ ሁሉ ይገለጻል ብለው። እውነት ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። እነሱን ለማሳመን አልሞከርኩም፤ እንደ ግጥም ቀስ ብለው ከመካከል አንድ ምዕራፍ ብቻ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡ ጠየቅኋቸው። አንዳንዶቹ ተመልሰው ጨረሱት። አስቸጋሪ መጽሐፍ የሚያስፈልገው አሞጋሽ ሳይሆን በር የሚያሳይ ሰው ይመስለኛል፤ ብዙ ጥሩ መጻሕፍት የጠፉብን የሚገቡበትን በር የሚነግረን አጥተን ነው።

በግጥም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በስልክ ከሚዘዋወሩት የአማርኛ ግጥሞች ስንቱ ያለ ደራሲ ስም፣ ወይም በሌላ ሰው ስም፣ መሥመሩ ተሰባብሮ ነው የሚደርሰን! ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በስደት ላይ ሳለ በአሜሪካ አረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የተሰበሰቡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ቤት በመምታት ብቻ አልታሰረም፣ ሥዕል በቃል ሣለ፤ መሥመሩን የሚሰብርበት ቦታ የግጥሙ ትንፋሽ ነው። የእሱን ግጥም መሥመሩን አቀላቅሎ ማስተላለፍ ሥዕሉን ቆራርጦ እንደማደል እቆጥረዋለሁ። የደራሲን ስም መጻፍ ደግሞ ምንም ዋጋ አያስከፍልም፤ የጥንቱ ጸሐፊ «የፋቀው» ብሎ ያወገዘው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ንባብ እንደገና ወደ ጆሮ መመለሱ ነው። የድሮዎቹ የሬዲዮ ትረካዎች በዩቲዩብና በቴሌግራም ይሰማሉ፤ አዳዲስ ተራኪዎችም ተነሥተዋል። ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ሥራዋን የምትሠራው በአንድ ጆሮዋ ትረካ እየሰማች እንደሆነ ጽፋልኝ ነበር፤ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ አይፈቀድላትም፤ ከምሽቱ በኋላም ዓይኗ አይከፈትም። ከእኔ የምትፈልገው ፒዲኤፍ አልነበረም፤ የሰማችውን ታሪክ የሚያወራት ሰው ነበር። ስለ ጉዱ ካሳ ብዙ ተጨዋወትን። እሷ የቆመችው እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ አይደለም፤ እኔን የሳበኝ ሙግቱ ሲሆን እሷን የያዛት ብቸኝነቱ ነው፤ «ሁሉም እብድ ሲሉት በልቡ እያወቃቸው ዝም የሚልበት ቀን አለ፣ እኔ እሱን ቀን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ የመጽሐፍ ሒስ ብዙ አላነበብኩም። የድምፅ ትረካም ያለ ፈቃድ ሲሠራ በደል መሆኑ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን እንደ እሷ ላሉት በሕጋዊ መንገድ፣ በሚችሉት ዋጋ፣ የሚሰማ መጽሐፍ ማዘጋጀት ለአሳታሚዎቻችን ከማንኛውም የበለጠ አስቸኳይ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ከተወሰኑ አንባቢዎች ጋር አንድ ሥራ እንጀምራለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አዲስ ዓለም» የተባለ አጭር ልብ ወለድ፣ ለትምህርት ፓሪስ ሄዶ ወደ ተጉለት የተመለሰውን የአወቀን ታሪክ፣ እየተከፋፈልን ልንተይበው ነው፤ አንዱ የተየበውን ሌላው ከዋናው ጋር ያስተያያል፣ ሦስተኛው ድምፁን አውጥቶ ያነብበዋል። የመብት ዘመኑ ስላለፈ ሙሉውን በነፃ እናወጣለን፤ አጻጻፉን ደራሲው እንዳደረጉት እንተወዋለን፤ የዛሬ አንባቢ የሚቸገርባቸውን ቃላት ከታች እናስረዳለን። የአወቀን የአባቱን ተዝካር በተመለከተ ያለው ክፍል ለማን ይድረስ በሚለው ላይ ከወዲሁ ሦስት ሰዎች ተሻምተውበታል። ያለን ቅጂ ግን ጥቂት ገጾቹ ውሃ የነካቸውና ፊደሉ የደበዘዘ ነው፤ የመጀመሪያውን እትም ንጹሕ ቅጂ ያለው ሰው ካለ መጽሐፉን ከቤቱ ሳያወጣ እነዚያን ገጾች ብቻ አንብቦልን እንድናስተያይ ቢፈቅድልን፣ በምንጽፈው መግቢያ ላይ ስሙን በምስጋና እናሰፍራለን።